ዲቪዥን 2 ወይስ የመጀመሪያው? ከቤታው በኋላ ለድሬ ተጫዋቾች

ዲቪዥን 2 የተባለው የቪዲዮ ጌም ክፍት ቤታ (ጨዋታው ሳይወጣ ለሙከራ የሚለቀቀው) ከየካቲት 22 እስከ 25፣ 2011 ዓ.ም. ለሁሉም ተለቆ ተዘጋ። ሙሉው ጨዋታ የወጣው መጋቢት 6፣ 2011 ነው፤ ይህ ግን የተጻፈው ከዚያ በፊት፣ ቤታውን ብቻ አይቼ ነው። ከቤታው ወዲህ ከዚራም ሆነ ሳቢያን፣ ጌም የሚወድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው። «አቦ፣ አዲሱን ልጠብቅ ወይስ የድሮውን ልያዝ?»

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ተኩሱን ብቻ ካያችሁ አዲሱ በግልጽ ይሻላል። ይህን ለማወቅ ቤታው በቂ ነበር። ድሬ ሆኖ ለሚገዛ ሰው ግን ተኩሱ ብቻውን አይወስንም። ከማን ጋር ነው የምትጫወቱት? መስመራችሁ እንዴት ነው? መብራቱስ? ብቻውን ለሚጫወት፣ የመጀመሪያውን ነክቶት ለማያውቅ፣ ለኪሱም ለሚያስብ ሰው የድሮው ዛሬም ግሩም ምርጫ ነው። ሁለት ሦስት የጨዋታ ጓደኛ ያለው፣ የድሮውንም እስከ ጥጉ የጨረሰ ሰው አዲሱን ይጠብቅ። በመሃል ያለ ሰው ደግሞ እስከ ታች ያንብብ፤ ነገሩ እዚያ ነው የሚለየው።

ጨዋታውን ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር። ሁለቱንም ያወጣው ዩቢሶፍት ነው። የሠራቸው ስዊድን ውስጥ ማልሞ ከተማ ያለው ማሲቭ ስቱዲዮ ነው። ዓይነታቸው ሉት ሹተር ይባላል። ትተኩሳላችሁ፣ ጠላት ይወድቃል፣ መሣሪያ ወይም ልብስ ይጥላል። ያንን አንስታችሁ ትጠነክራላችሁ፤ ከዚያ ወደ ባሰው ቦታ ትሄዳላችሁ። ታሪኩ የሚነሳው በዶላር ኖት ላይ ከተደረገ የፈንጣጣ ቫይረስ ነው። አሜሪካኖች ብላክ ፍራይደይ በሚሉት ታላቅ የገበያ ቀን ኖቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ በሽታውም አብሮ ይዞራል። መንግሥት ይፈርሳል። ከሕዝቡ መሃል ተደብቀው የሚኖሩ ወኪሎች ይጠራሉ። እናንተ ከነሱ አንዱ ናችሁ። የመጀመሪያው የወጣው የካቲት 29፣ 2008 ዓ.ም. ሲሆን ቦታው ማንሃታን፣ ወቅቱ የበረዶ ክረምት ነው። የሁለተኛው ታሪክ በሽታው ከተነሳ ከ7 ወር በኋላ ዋሽንግተን ዲሲ ላይ፣ በሞቃቱ ወራት ይቀጥላል።

ተኩሱ

የመጀመሪያው ሲወጣ ሰውን ያስመረረው አንድ ነገር ነበር። ኮፍያ ያለው ሹራብ ብቻ የለበሰ ዱርዬ፣ ጭንቅላቱ ላይ ሙሉ ካዝና ተራግፎበት እየተራመደ ይመጣል። ተጫዋቹ «ስፖንጅ» የሚለው ይኼንን ነው። ጥቅምት 2009 ላይ የወጣው ፓች 1.4 (ፓች በኢንተርኔት የሚወርድ የጨዋታ ማሻሻያ ነው) ነገሩን በጣም አሻሻለው። ዛሬ የድሮውን የሚጀምር ሰው ያንን የመጀመሪያ ወራት ምሬት አያገኘውም። ሆኖም መሠረቱ ያው ነው። ጠላት ከራሱ በላይ የደም መስመር ይዞ ይዞራል፤ እናንተ መስመሩ እስኪያልቅ ትተኩሳላችሁ።

ቤታው ላይ ይህ ተለውጧል። ተራው ጠላት ቶሎ ይወድቃል። ጠንካራው ጠላት የጠነከረበትን ምክንያት ለብሶት ታዩታላችሁ፤ የራስ ቁር አለው፣ ደረቱና ትከሻው ላይ ጋሻ አለው። ስትመቱት ጋሻው ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል፣ የተጋለጠው ቦታ ይታያል። ከዚያ በኋላ እዚያ ቦታ ላይ ማነጣጠር የእናንተ ፋንታ ነው። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ይኼ ነው። ጥይታችሁ የት እንዳረፈና ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ። መሣሪያ ሁሉ ክብደት አለው። ምላጭ ስትስቡ የሚመጣው ርግጫ ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያል፤ ስለዚህ ሉቱን (ከጠላት የምትለቅሙትን ዕቃ) ስትመርጡ ቁጥሩን ብቻ አታዩም፣ በእጃችሁ የሚስማማውን ትፈልጋላችሁ።

ጠላቱም ብልህ ሆኗል። አንድ ከቨር (መከለያ) ሥር ተለጥፎ የሚዋጋ ሰው ብዙ አይቆይም፤ አንዱ ከፊት ሲይዘው ሌላው ዞሮ ከጎን ይመጣበታል። እዚህ ላይ ብቻውን የሚጫወት ሰው ልብ ይበል። በድሮው ስትቆስሉ መድኃኒቱን አንድ ቁልፍ ነካ አድርጋችሁ ወዲያው ትድናላችሁ። በአዲሱ ከደማችሁ በላይ ጋሻ አላችሁ፤ ጋሻውን ለመጠገን ግን ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ይዛችሁ መቆየት አለባችሁ። ጠላት በጎን እየመጣ ጥቂት ሰከንድ ረጅም ነው። ጓደኛ ካላችሁ እሱ ይሸፍናችኋል። ብቻችሁን ከሆናችሁ የሚሸፍናችሁ የላችሁም።

ስኪሎቹም (ወኪሉ ከጠመንጃው ሌላ የሚጠቀምባቸው ልዩ ችሎታዎች) በዚያው መንገድ ሄደዋል። በድሮው ፈርስት ኤይድ የሚባለውን ከያዛችሁ ራሳችሁን እያከማችሁ ከባዱን ተልዕኮ ብቻችሁን መጨረስ ትችላላችሁ። በአዲሱ ፈርስት ኤይድ የለም። በምትኩ ድሮን፣ ሃይቭ፣ ኬም ላውንቸር የሚባሉ አሉ፤ በትክክለኛው ዓይነታቸው ስትይዟቸው ጋሻ ይጠግናሉ። ሥራቸው ደስ ይላል፤ ግን ቦታ መርጦ መጣልን፣ ጊዜ ማስላትን ይጠይቃሉ። ለቡድን ጥሩ ናቸው። ለብቸኛ ተጫዋች ትዕግሥት የሚፈልጉ ናቸው።

ቤታው የጨዋታውን መጨረሻም ቀምሰን እንድንመለስ አድርጎናል። ሌቭል 30 የደረሱ ሦስት ዝግጁ ወኪሎች ተሰጥተውን ነበር። አንዱ ቲኤሲ 50 የተባለ ከባድ ስናይፐር ይይዛል፣ አንዱ የቦምብ ማስወንጨፊያ፣ አንዱ የሚፈነዳ ቀስት። ጠላቱ ብላክ ታስክ የሚባል የታጠቀ ድርጅት ነው፤ ድሮን ይዞ፣ ተደራጅቶ ይመጣል። ያ ተልዕኮ በቡድን ሲሠራ በጣም ያምራል። ሰው ድምፅ እየሰጠ፣ «አንተ ግራውን ያዝ፣ እኔ ድሮኑን ላውርድ» እየተባባለ። የልዩ መሣሪያዎቹ ጥይት ግን በቤታው ላይ ሲበዛ ተቆጥቧል። ጥይቱ አልቆ መሣሪያውን ጀርባ ላይ ተሸክሞ መዞር ያናድዳል። ይህን በሙሉው ጨዋታ ቢያሻሽሉት ደስ ይለኛል።

ከተማው

ሥዕሉን ለማወዳደር ብዙ ጊዜ አላጠፋም። ሁለቱም ስኖውድሮፕ በሚባለው የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር ተሠርተዋል፤ ሁለቱም ያምራሉ፤ አዲሱ ይበልጥ ያምራል። ስሜቱ ግን ሌላ ነው።

የድሮው ማንሃታን በረዶው ነው። ይወርዳል፣ ይቆማል፣ ድንገት ማዕበል ሆኖ ሦስት እርምጃ ፊት እንኳ አያሳይም። የገና መብራቶች ባዶ ሱቅ ላይ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ሰው የለም። የእናንተ እርምጃ ብቻ በረዶው ላይ ይሰማል። የድሬ አስፋልት በሚነድበት ከሰዓት፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ቬንትሌተሩ እየዞረ ያንን በረዶ ማየት ልዩ ነገር ነው። ጨዋታው ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም እንዲህ ያለ የክረምት ከተማ የሠራ ሌላ ጨዋታ አላየሁም።

ዋሽንግተን ደግሞ አረንጓዴ ነው። ሣሩ መንገዱን ውጦታል፣ አጋዘን በአደባባይ ይሮጣል፣ ታላላቅ ሐውልቶች በአሸዋ ከረጢት ተከበዋል። ሠሪዎቹ የከተማዋን ካርታ በእውነተኛ መጠኗ፣ 1 ለ 1፣ እንዳስቀመጡት ተናግረዋል። በዚህ ከተማ ሰው አለ። ሰፈሮች አሉ፤ ሰዎች አትክልት ይተክላሉ፣ ልጆች ይጫወታሉ። እናንተ ያመጣችሁላቸው ዕቃ ሰፈሩን ሲለውጠው ታያላችሁ። መንገድ ላይ የጠላት ኬላ አለ፤ ሲግናል ተኩሳችሁ የሰፈሩን ተዋጊዎች ትጠራላችሁ፣ አብራችሁ ትይዙታላችሁ። ከያዛችሁ በኋላ ምግብና ውኃ ስትሰጧቸው ይጠብቁላችኋል። የድሮው ላይ ከዋናው ተልዕኮ ወጥቶ የሚሠራው ነገር ቶሎ ይደጋገማል፤ ያው ታጋች ማስፈታት፣ ያው አንቴና። ቤታው ላይ ከተልዕኮ ወደ ተልዕኮ ስሄድ መንገዱ ራሱ ሥራ ሆኖብኛል። ይህ ለአዲሱ ትልቅ ነጥብ ነው።

እኔ ስሜቱን ለድሮው፣ ሕይወቱን ለአዲሱ እሰጣለሁ። ብርድና ዝምታ የሚወድ የድሮውን አይለፈው።

ሉቱ

ልብሱ በሁለቱም ስድስት ቦታ ነው፤ ጭንብል፣ ደረት፣ ቦርሳ፣ የሽጉጥ ማኅደር፣ ጓንትና የጉልበት መከላከያ። ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነው። በድሮው እስከ መጨረሻው ሌቭል ድረስ የምትለብሱት ነገር ቁጥሩ ከፍ እንዲል ብቻ ነው፤ አብረው ሲለበሱ ጥቅም የሚሰጡ የልብስ ስብስቦች የሚጀምሩት መጨረሻ ላይ ነው። በአዲሱ ልብሱ ከመጀመሪያው የብራንድ ስም አለው። ከአንድ ብራንድ ሁለት ሦስት ስትይዙ ተጨማሪ ጥቅም ይሰጣል። ስለዚህ ገና ከጅምሩ ማሰብ ትጀምራላችሁ።

የመሣሪያ ሞድ (መሣሪያ ላይ የሚሰካ ተጨማሪ ዕቃ) ላይ ደግሞ ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ። የድሮውን የተጫወተ ሰው ያውቃል፤ መቶ ዓይነት የማነጣጠሪያ መስታወትና ካዝና መጋዘኑን ይሞላዋል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ አንዱን ካንዱ ማወዳደር ነው። በአዲሱ ሞድ አንዴ ከተከፈተላችሁ የእናንተ ነው፤ በፈለጋችሁት መሣሪያ ላይ ትሰኩታላችሁ። መጋዘን አይሞላም። ግን በቤታው ላይ እያንዳንዱ ሞድ አንድ ነገር ሲጨምር አንድ ነገር ይቀንስ ነበር። ትልቅ ካዝና ከሰካችሁ ሌላ ነገር ትከፍሉ ነበር። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ቁጥሮቹ ግን በቤታው ላይ አልተመጣጠኑም። አንዳንዱ ሞድ ከሚሰጠው የሚወስደው ይበልጣል። ባዶ መሣሪያ ይሻላል ያልኩበት ጊዜ አለ። ሉት ሹተር ላይ የተገኘ ዕቃ ደስ ካላሰኘ ችግር ነው።

የድሮው በዚህ በኩል ሦስት ዓመት ተሻሽሏል። ኅዳር 2010 ላይ ከወጣው ፓች 1.8 በኋላ የልብስ ስብስቦቹ ምርጫ ሰፊ ነው፤ ክላሲፋይድ የሚባሉት ስድስት ስድስት የሚለበሱ ስብስቦች የአጨዋወት ስልታችሁን እስከ መለወጥ ይደርሳሉ። አሁን የሚጀምር ሰው ያለቀለት፣ የተስተካከለ ዕቃ ነው የሚያገኘው። አዲሱ በቤታው ጊዜ ገና መንገድ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ሲወጣ መጨረሻ ላይ የሚሠራ ነገር አንሶት ሰው ጥሎት እንደሄደ አልረሳነውም። በቤታው ጊዜ 8 ሰው አብሮ የሚገባበት ሬይድ (ከባድ የቡድን ተልዕኮ) ተነግሮ ነበር፤ ይህ በድሮው ጭራሽ ያልነበረ ነው። ጥሩ ምልክት ነበር፣ ግን ያኔ ገና ቃል ነበር።

ዳርክ ዞን

ሰው ከሰው የሚገዳደልበት፣ ያገኘኸውን ዕቃ በሄሊኮፕተር ካላስወጣህ የማትወስድበት ቦታ ነው። በድሮው አንድ ትልቅ ዞን ሲሆን እስከ 24 ሰው ይገባበታል። በአዲሱ ሦስት ትናንሽ ዞኖች ሆነዋል፣ በእያንዳንዱ እስከ 12 ሰው። በአዲሱ የሁሉም ጥንካሬ ይስተካከላል፤ ዓመት ሙሉ ዕቃ ያከማቸ ሰው አዲስ መጪውን በአንድ ምት አይጥለውም። የተወሰነው ዕቃም ያለ ሄሊኮፕተር በእጅ ይወጣል። ለአዲስ ሰው አዲሱ ይሻላል፤ ጥያቄ የለውም። የድሮው ዳርክ ዞን ዛሬ የቀሩት ነባሮች ናቸው፣ ምሕረትም የላቸውም።

ከእኛ አገር ሆኖ ሰው ከሰው መጫወት ግን በሁለቱም ከባድ ነው። መስመራችን ጅቡቲ ወርዶ፣ በባሕር ኬብል አውሮፓ ደርሶ ነው የሚመለሰው። ድሬ ለጅቡቲ ቅርብ መሆኗ እዚህ ላይ ብዙም አይጠቅማትም፤ ሰርቨሩ ያለው ከባሕሩ ማዶ ነው። ስለዚህ ዳርክ ዞንን ብላችሁ ብቻ አትግዙ፣ የድሮውንም አዲሱንም።

ሰርቫይቫል፣ የድሮው ትልቁ ሀብት

ብዙ ሰው ስለ ድሮው ሲያወራ የሚዘለው፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምቆምለት ክፍል ይኼ ነው። ሰርቫይቫል ኅዳር 2009 ላይ በፒሲና በኤክስቦክስ የወጣ ተጨማሪ ክፍል ነው፤ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ በቀጣዩ ወር መጣ።

ሄሊኮፕተራችሁ ይወድቃል። ያከማቻችሁት ዕቃ ሁሉ የለም። በእጃችሁ ሽጉጥ ነው ያለው። ታማችኋል፣ በሽታው ሲጀምር አንድ ሰዓት ይሰጣችኋል፤ መድኃኒት ካገኛችሁ ይረዝማል። ከላይ የበረዶ ማዕበል አለ። ብርዱ ይገድላል፤ ሻርፕ፣ ካፖርት፣ ቦት ጫማ መፈለግ አለባችሁ፤ የሚነድ በርሜል ስታገኙ ቆም ብላችሁ መሞቅ አለባችሁ። ይርባችኋል፣ ይጠማችኋል። ካርታው ላይ እስከ 24 ሰው አለ፤ ከፈለጋችሁ ሰው የማይገዳደልበትን ዓይነት መምረጥ ትችላላችሁ። ዓላማው ዳርክ ዞን ገብቶ የቫይረሱን መድኃኒት ማውጣት ነው። ለመግባት ማጣሪያ መሥራት አለባችሁ። መድኃኒቱን ይዛችሁ ሄሊኮፕተር ስትጠሩ ደግሞ ሃንተር የሚባለው ይመጣል። እሱ እንደ እናንተ ስኪል ይጠቀማል፣ ራሱን ያክማል፣ አይፈራም።

ይህ ክፍል ብቻውን ለሚጫወት ሰው የተሠራ ይመስላል። ሁሉም በባዶ እጁ ይጀምራል። ዓመት የተጫወተና ትናንት የጀመረ እኩል ናቸው። እያንዳንዱ ዙር ሌላ ታሪክ ነው። በዲቪዥን 2 ቤታም ሆነ በዚያን ጊዜ በተነገረው ዕቅድ ውስጥ ይህን የሚተካ ነገር አልነበረም። ብቻችሁን የምትጫወቱ ከሆነ ምክሬን ወደ ድሮው የሚያደላው ይህ ክፍል ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አንድ ሙሉ ዙር ሰዓት ይወስዳል፣ አንዳንዴም ይበልጣል። መብራት ከጠፋ ያ ሰዓት አብሮ ሊሄድ ይችላል። ሰፈራችሁ መብራት በየስንት ሰዓት እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ፤ ሰርቫይቫልን በዚያው መጠን አስቡት።

መስመር፣ መብራትና ብር

ይህን ክፍል ለድሬ ሰው ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ከየትኛውም ግራፊክስ በላይ ይወስናል።

ሁለቱም ጨዋታ ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም። ብቻህን ተጫወት፣ ታሪኩን ብቻ ተከተል፣ ሰርቨሩ ከሌለ ጨዋታው የለም። መስመር ሲቆረጥ ዴልታ ወይም ማይክ የሚባል የስህተት መልእክት ይመጣና ያወጣችኋል። የለቀማችሁት ዕቃ አይጠፋም፤ ተልዕኮው ግን ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይጀምራል። እዚህ ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው። ስለዚህ ቤታችሁ ብሮድባንድ ከሌለና በስልክ ሆትስፖት ብቻ የምትኖሩ ከሆነ ለሁለቱም አልመክራችሁም፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ሌላ ጨዋታ ፈልጉ።

መስመር ላላችሁ ጨዋታው ራሱ ዳታ ብዙ አይበላም። የሚበላው ማውረዱና ፓቹ ነው። ዲስክ ገዝቼ ተገላገልኩ ማለት አይቻልም፤ የድሮው ዲስክ የመጀመሪያውን ቀን ጨዋታ ነው የያዘው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የወጣው ፓች ከላይ ይወርዳል። ሌሊት ማውረድ ይሻላል። ራውተሩና ማጫወቻው በኬብል ይገናኙ፣ በዋይፋይ አይሁን። ትንሽ ዩፒኤስ ለራውተሩና ለማጫወቻው ብትገዙ ጥቂት ደቂቃ ትሰጣችኋለች፤ የያዛችሁትን ውጊያ ጨርሳችሁ በሰላም ለመውጣት ይበቃል። በድሬ ሙቀት ማጫወቻውን ቁም ሳጥን ውስጥ አትዝጉበት።

ፒሲ ላይ ከሆናችሁ የድሮው ዝቅተኛ መስፈርት 6 ጊጋ ራምና ጂቲኤክስ 560 ግራፊክስ ካርድ ነው። አዲሱ 8 ጊጋ ራምና ጂቲኤክስ 670 ይጠይቃል። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ያገለገለ ኮምፒውተር የምትገዙ ይህን ልዩነት ይዛችሁ ሂዱ። ሌላም ነገር አለ። የድሮው ስቲም ላይ (የፒሲ ጨዋታ የሚሸጥበት የኢንተርኔት መደብር) ይሸጣል። አዲሱ ግን ሲወጣ ስቲም ላይ አልነበረም፤ በኤፒክ መደብርና በዩቢሶፍት በራሱ ዩፕሌይ ነበር የሚሸጠው፤ ስቲም ላይ የመጣው በ2015 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ከውጭ ዘመድ የሚልከው የስቲም ካርድ ለአዲሱ አያገለግልም ነበር።

ፕሌይስቴሽን ላይ ዋናው ጉዳይ ሪጅን (ዲስኩና አካውንቱ የተመደቡበት የዓለም ክፍል) ነው። እኛ ጋ የሚመጣው ዲስክ አብዛኛው የዱባይ ነው። ዘመድ የሚልከው ካርድ ግን ብዙ ጊዜ የአሜሪካ ነው። ዲስኩ ከየትም ይምጣ ይሠራል፤ በአሜሪካ አካውንት የተገዛ ተጨማሪ ክፍል ግን በሌላ ሪጅን ዲስክ ላይ አይከፈትም። ይህ ሰርቫይቫልን ይመለከታል፤ ምክንያቱም የድሮው ተጨማሪ ክፍሎች፣ አንደርግራውንድ፣ ሰርቫይቫልና ላስት ስታንድ፣ ለብቻ የሚገዙ ናቸው። ያገለገለ «ጎልድ ኤዲሽን» የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ኮዱ ጥቅም ላይ ውሎ እንደሆነ ጠይቁ። ኮዱ ካለቀ የያዛችሁት ዋናውን ጨዋታ ብቻ ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚቀለው መንገድ የድሮውን ከነተጨማሪው፣ በቅናሽ ጊዜ፣ ካርዳችሁ ባለበት አገር አካውንት ከመደብሩ በቀጥታ መግዛት ነው።

አዲሱ በዚህ ይሻላል። የመጀመሪያው ዓመት ተጨማሪ የታሪክ ክፍሎች ለገዛ ሁሉ በነፃ እንደሚሰጡ ዩቢሶፍት አስታውቋል። ስለዚህ ዲስኩን ገዝታችሁ፣ ጨርሳችሁ፣ ለጓደኛ ብትሸጡት እሱም ሙሉውን ያገኛል። ዋጋው ግን ሲወጣ 60 ዶላር ነበር፤ በ2011 የባንክ ምንዛሪ እንኳ ወደ 1,700 ብር ነበር፣ ዲስኩ እዚህ እስኪደርስ ደግሞ ይጨምራል። የድሮው በቅናሽ ጊዜ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ከጓደኛ ጋር ለመጫወት ፕሌይስቴሽን ላይ የፕላስ ክፍያ በሁለቱም አለ፤ እሱንም አስሉት።

ጌም ቤት ለምትሠሩ ወዳጆቼ አንድ ቃል ልበል። ሁለቱም ስክሪን ተካፍሎ አያጫውትም። እንደ ፊፋ ሁለት ጆይስቲክ ሰክቶ ወንድማማች ማጫወት የለም፤ አንድ ቲቪ አንድ ሰው ነው። ዕድገቱም አካውንቱ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ዛሬ አንድ ልጅ ያገኘውን መሣሪያ ነገ ሌላው ይሸጠዋል፣ ጠብ ይነሳል። ለቤቱ ገቢ ብላችሁ አንዱንም አትግዙ።

እንግዲህ ማን የቱን?

ሁለት ወይም ሦስት ጓደኛ ያለው፣ ማታ ማታ የሚገናኝ፣ የድሮውን ያጠገበ ሰው አዲሱን ይያዝ። ቤታው የቡድን ጨዋታ መሆኑን በግልጽ አሳይቷል። በቤታው ላይ በስፋት የተወራው ድንገት የመዘጋትና የድምፅ መጥፋት ችግር ነበር፤ ካልቸኮላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት የሰውን ወሬ ስሙ።

ጓደኛ ያለው ግን የድሮውን ነክቶት የማያውቅ ሰው ነው የሚያስቸግረው። የአዲሱን ታሪክ ለመረዳት የድሮውን መጨረስ ግድ አይደለም። ጓደኞችህ ወደ አዲሱ የሚሄዱ ከሆነ አብረህ ሂድ፤ ባዶ ማንሃታን ውስጥ ብቻህን ቀርተህ ቡድን ከምትፈልግ ይሻልሃል። እነሱም ካልወሰኑ ሁላችሁም የድሮውን በርካሽ ያዙና የአዲሱ ዋጋ እስኪወርድ ተጫወቱበት።

ብቻውን የሚጫወት፣ የሌሊት ሰው፣ ተረጋግቶ መቃኘት የሚወድ፣ የድሮውን ከነሰርቫይቫሉ ይግዛ። ሴቶች ጓደኞቼም የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው፤ ማይክራፎን ላይ ከማያውቁት ሰው ጋር መነጋገር የማትፈልግ ሁሉ በድሮው ብቻዋን ሙሉ ደስታ ታገኛለች።

የአዲሱን ጎልድ ኤዲሽን ቀድሞ የገዛ ሰው መጋቢት 3፣ 2011 ላይ፣ ከሌላው 3 ቀን ቀድሞ ይገባ ነበር። ለዚህ ብሎ ተጨማሪ ብር ማውጣት አያስፈልግም ነበር። በእኛ መስመር ያ 3 ቀን ማውረዱን ቢጨርስ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ ይልቅ ዛሬ ዲስካችሁ ላይ ቦታ አስለቅቁ፤ ቤታው አሁንም ተጭኖ ካለ አጥፉት። ቤታው ላይ የደረሳችሁበት ሌቭል ወደ ሙሉው ጨዋታ አይሻገርም።